የሳይንስ ክበብ፦ እንቁራሪት፣ ሞረድና ጥላሸት

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በችግኝ ተከላና በማይክሮስኮፕ ጥገና አለፈ፤ ብዙም የሚወራለት የለም። ወሬው ያለው ከየካቲት ወዲህ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ጋልቫኒ እ.ኤ.አ. በ1791 ስላሳተመው፣ የእንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ስለሚዘልበት ሙከራ ያወራሁት እኔው ነኝና የ11ኛ ክፍል ልጆች «እኛም እንሞክር» ብለው ሲይዙኝ ማምለጫ አጣሁ።

መሣሪያ ስለሌለን የወተት ጣሳ በወረቀት ጠቅልለን በኩራዝ ጭስ አጠቆርነው። የባት ጡንቻውን መርፌ ከተሰካበት ቀጭን ቀሰም ጋር በክር አገናኘን፤ ጡንቻው ሲኮማተር መርፌው ጥላሸቱን እየጫረ መስመር ያሰምራል። የመጀመሪያዋ እንቁራሪት በከንቱ ሄደች። ጡንቻዋን የሚያቆየው ውሃ በሊትር 6.5 ግራም ያህል ጨው ነው የሚፈልገው፤ ልጆቹ በማንኪያ ገምተው ጨመሩበት፤ እኔም አላየሁም።

በሁለተኛዋ ተሳካ። ነርቩን አንዴ በኤሌክትሪክ ሽቦ ሲነኩት ጡንቻው ዘለል ብሎ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ይመለሳል። ኃይሉን ለመጨመር ልጆቹ የባትሪ ድንጋይ ደራረቡ፤ መስመሩ ግን ከቀድሞው ከፍታው ንቅንቅ አላለም። የጡንቻው ክሮች ሁሉ ከተነሱ ወዲያ ድንጋይ ቢቆለል ምን ያደርጋል?

በሳምንቱ አንዱ ልጅ ሞረድ ይዞ መጣ። አንዱን ሽቦ ሞረዱ ላይ አስረን ሌላውን ጥርሶቹ ላይ ስንጎትተው ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ ይቀጥላል። ቀስ ሲሉ የተራራቁ ጉብታዎች ወጡ። ፈጠን ሲሉ ጡንቻው ሳይላላ ሌላው ይደርስበትና መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ሽቅብ ወጣ። ሲሮጡበት ጥርሱ ጠፋ፤ ከነጠላው ጉብታ ሦስት እጥፍ ያህል ከፍ ያለ ለስላሳ መስመር ተሠመረ። ጡንቻውን የሚያኮማትረው፣ በየንክኪው የሚለቀቀው ካልሲየም በጡንቻው ውስጥ ወዳለው ማከማቻው ሳይመለስ ሌላው ስለሚደርስ ነው።

ይህ ቴታነስ ይባላል ስላቸው «መንጋጋ ቆልፍ?» ብለው ሳቁ። ስሙስ አንድ ነው፤ በበሽታው ግን ጥፋቱ የባክቴሪያው መርዝ ነው፤ ነርቮችን የሚያረግበውን መልእክት ያግዳል።

መጎተቱ ሲቀጥል መስመሩ ቁልቁል ወረደ። «ደከመ፣ በቃ» ብዬ ዕቃ ላነሳ ስል አንዲት ተማሪ ሽቦውን ከነርቩ አንስታ ጡንቻው ላይ አሳረፈችው። ዘለለ! ቀድሞ የደከመው ነርቩ ከጡንቻው የሚገናኝበት ቦታ ኖሯል። በዕለቱ ዕቅዴ ውስጥ ይህ አልነበረም።

ወረቀቱን ቫርኒሽ ቀብተን ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። ለስላሳው መስመር ላይ ያረፈው የአውራ ጣት አሻራ የእኔ ነው።