የሚፈርመውን የማያውቅ ሰው ውክልና መስጠት አይችልም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ራሳቸውንና ንብረታቸውን ማስተዳደር ስላቃታቸው አዋቂ ሰዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ሰፈራችን ውስጥ በቴሌግራም ያልደረሰው ሰው የለም። ስለ ጠበሉና ስለ መድኃኒቱ ዋጋ የጻፋችሁት ይቆይ። እንቅልፍ የነሳኝ ወደ መጨረሻው ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ቤተሰብ ከታማሚው ውክልና ወስዶ ገንዘቡንም ቤቱንም ማስተዳደር ይችላል የምትለዋ።

ይሄ ስሕተት ነው። ሰው የሚጎዳ ስሕተት ነው።

ውክልና የሚሰጥ ሰው ምን እየሰጠ እንደሆነ ሊገባው ይገባል። ለማን እንደሚሰጥ፣ ተወካዩ በስሙ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማወቅ አለበት። ዘገባችሁ ግን የሚያወራው ይሄን ማመዛዘን ስላቃታቸው ሰዎች ነው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች እንዴት አድርገው ነው ውክልና የሚሰጡት? ጋዜጠኛው ይቺን ጥያቄ ለአንድ ጠበቃ በስልክ ቢያነሳ መልሱን ወዲያው ያገኝ ነበር። ሰውየው ጤነኛ ሳለ የሰጠው ውክልና እንኳ አያዛልቅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2232 ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ችሎታውን፣ ማለትም በሕግ ፊት የሚጸና ነገር ራሱ የማድረግ አቅሙን፣ ሲያጣ ውክልናው እንደሚቀር ይናገራል። ይሄ ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ትናንት የወጣ መመሪያ ቢሆን ኖሮ አመለጣችሁ እል ነበር።

ነገሩን በመጽሐፍ አይደለም ያወቅኩት። ታላቅ ወንድሜን ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት። አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ቤታችንን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነበር። ከታመመ በኋላ ደመወዙ ሲገባበት የነበረው የባንክ ሒሳብ ተቆለፈብን። የራሱን መድኃኒት በራሱ ገንዘብ ልንገዛለት አልቻልንም። ባንኩ «ውክልና አምጡ» አለን። ይዘነው ውልና ማስረጃ ሄድን። ባለሙያዋ በትሕትና ስሙን ጠየቀችው፣ ነገራት። ወረቀቱ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ግን የፈረቃ መግቢያ ሰዓት ነገራት። ወረቀቱን መለሰችልን። ትክክል ነበረች። ሥራዋ ሰውየው የሚያደርገውን ማወቁን ማረጋገጥ ነው። ተመልሰን ባንክ ስንሄድ አሁንም «ውክልና» አሉን። ፍርድ ቤት ሂዱ ያለን ሰው አልነበረም። በዚህ መሀል ጋሼ መድኃኒት አቋርጦ ባሰበት።

አሁን ደግሞ እናንተ የዚያን የባንክ ሠራተኛ ቃል አንስታችሁ ለመላ አገሩ አተማችሁት።

ሌላም ያላያችሁት ነገር አለ። ውክልና ቢኖረኝ እንኳ ጋሼ በራሱ እጅ ከመፈረም አይከለከልም። ወካይ ስለወከለ ችሎታውን አያጣም። እኔ በስሙ ስፈርም እሱም ለመጣው ሁሉ ሊፈርም ይችላል። እኛን ያቃጠለን ደግሞ ይሄው ነው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ዳርቻ ነው። ልጅ ሳለሁ አካባቢው ጤፍና ምስር የሚዘራበት ነበር። ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ጋሼ በታመመ ጊዜ እናታችን ከዓይኗ አታርቀውም ነበር። ከግቢ ሲወጣ አንዱ ጎረቤት አይቶ ይመልሰዋል። በግ ልሽጥ ቢል የሚገዛው የለም፤ ሁሉም «እትዬን ጠይቀን» ይላል። የሚገርመው ሕጉ ይሄንን ያውቀዋል። አንቀጽ 342 የነዋሪው ቁጥር ከ2000 ባነሰ ቦታ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት ያሉት ሰዎች በሕመሙ ምክንያት የሚጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር የሚያደርጉት ሰው፣ ሕመሙ በግልጽ የታወቀ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ከዚያ በፊት ያለው አንቀጽ ደግሞ በሆስፒታል ወይም በመሰል ተቋም ተኝቶ ያለውን፣ እዚያ እስካለ ድረስ እንዲሁ ያየዋል። ሕመሙ በግልጽ የታወቀ ሰው የገባውን ውል ማስፈረስ ይቻላል።

እኛ አሁን ከሁለቱም ውጭ ነን። ጋሼ ሆስፒታል አልተኛም፣ ቤት ነው ያለው። ሰፈራችንም ያ ትንሽ መንደር አይደለም። ኮንዶሚኒየሙ መጣ፣ ሰዉ ከየአቅጣጫው ገባ፣ ደላላው ተከትሎ መጣ። ጋሼን የሚያውቁት ጥቂት ሆኑ። እናታችን ካረፈች በኋላ አንድ ደላላ ሻይ ቤት ወስዶ በውርስ የደረሰውን የቤት ድርሻ «ሸጬአለሁ» የሚል የመንደር ውል አስፈረመው። ምስክር ተብለው የፈረሙት ከጋሼ ጋር የዚያን ቀን የተገናኙ ሰዎች ናቸው። እጁ ላይ የተገኘው ገንዘብ የአንድ ወር አስቤዛ አይሸፍንም።

ሕመሙ በግልጽ የታወቀ ካልተባለ ሸክሙ በእኛ ላይ ነው። አንቀጽ 347 እንደሚለው ሰውየው በፈረመባት ሰዓት በነፃ አእምሮው ፈቃዱን ለመስጠት እንደማይችል ማስረዳት አለብን። በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ሻይ ቤት! ማን አይቶ ማን ይመሰክራል? አገር ያወቀው ሕመም ከተማው ስለሰፋ እንዳልታወቀ ሆነ። ዘገባችሁ መሀል ከተማ ያሉ ቤተሰቦችን አናግሯል። ቢሮውም ጠበቃውም ቅርባቸው ነው። ከቃሊቲ ወዲህ ግን አንድ ሰው አላናገራችሁም። ደላላ በበሽተኛ ደጅ የሚያንዣብበው ግን እዚህ ነው፣ መሬቱ በየቀኑ ዋጋ የሚጨምርበት ቦታ ላይ።

መሄድ ያለብን ፍርድ ቤት ነበር። አቤቱታውን ራሱ ታማሚው፣ ባለቤቱ፣ የሥጋም የጋብቻም ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊያቀርብ ይችላል። የሐኪም ማስረጃ ይቀርባል። ፍርድ ቤቱ በወረቀት ብቻ አይወስንም፣ ሰውየውን ማየት ወይም ማስመርመር አለበት። ከዚያ ራሱ እየፈረመ ንብረቱን እንዳያስተዳድር በፍርድ ይከለከልና ሞግዚትና አሳዳሪ ይሾምለታል። ሞግዚቱ ገንዘቡንና ንብረቱን ይይዛል፤ አሳዳሪው ኑሮውንና ጤናውን ይከታተላል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ከክልከላው በኋላ ደላላ ቢያስፈርመው ውሉን ለማፍረስ የዚያችን ሰዓት የአእምሮውን ሁኔታ ማስረዳት አይጠበቅብንም። ሞግዚቱም ቢሆን እንደፈለገ አያዝም። ቤት ልሽጥ ቢል የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ውክልና የያዘ ዘመድን ግን ማን ይቆጣጠረዋል? ዘገባችሁ ዘመዶች ንብረት ይዘርፋሉ ብሎ ይወቅሳል። እውነት ነው፣ የሚዘርፉ አሉ። ታዲያ ለምን ያለ ተቆጣጣሪ የሚሠሩበትን መንገድ ታሳዩዋቸዋላችሁ?

ክልከላ ቀላል ነገር ነው አልልም። አዋቂን ሰው እንደ ልጅ በሌላ ሰው እጅ ማስገባት ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 እነዚህ ሰዎች ከማንም እኩል የሕግ ችሎታ እንዳላቸው ይናገራል። ሰው ሁሉ ውሳኔው ተወስዶበት እንዲቀመጥ ሳይሆን ለመወሰን እንዲታገዝ ነው የሚለው። ልቤ ከዚህ ጋር ነው። ጋሼ የሚለብሰውን ያውቃል፣ ማን እንዲያስታምመው እንደሚፈልግ ይናገራል፣ የሽንኩርት ዋጋ ሲያጭበረብሩት ይነቃል። ይሄን ማንም እንዲወስድበት አልፈልግም። የኛም ሕግ ቢሆን ፍርድ ቤቱ የተከለከለው ሰው አንዳንድ ነገሮችን ራሱ እንዲያደርግ መፍቀድ እንደሚችል፣ ሲሻለውም ክልከላው እንደሚነሳ ያውቃል። ትልቅ ጉዳይ ነበር። አንድ መስመር አልሰጣችሁትም።

ዘገባችሁ ሁለት የተለያዩ ሰዎችንም አንድ ላይ ጨፍልቋል። ስትሮክ መትቶት መናገርና መጻፍ ያቃተው ነገር ግን ሁሉን የሚረዳ ሰው አለ። እሱ ውክልና መስጠት ይችላል። መሄድ ካልቻለ ባለሙያ ቤቱ ድረስ መጥቶ የሚያረጋግጥበት አሠራርም አለ። እሱን ፍርድ ቤት ወስዶ ማስከልከል ራሱ በደል ነው። የሚጠየቀውን የማይረዳው ሰው ግን ሌላ ነው። ለእሱ ወረቀት ማዘጋጀት ማታለል ነው።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለጋሼ ብቻ አይደለም። የእድራችን አባል የሆነች አንዲት እናት ባሏ ልጆቹን መለየት ካቆመ ቆይቷል። ዘገባችሁን በስልኳ ይዛ መጣች። «ጋዜጣውም ውክልና ይላል፣ እጁን ይዤ አውራ ጣቱን አስነካዋለሁ» አለችኝ። ቀና ሴት ናት፣ ልትዘርፈው አይደለም። ለዳይፐርና ለመድኃኒት ነው የምትፈልገው። ግን እንዲያ ብታደርግ ነገ የባሏ ወንድሞች ይከሷታል፣ ወረቀቱም ይፈርሳል፣ እሷም በማጭበርበር ልትጠየቅ ትችላለች። እኔ ብነግራትም «ጋዜጣ ይዋሻል?» አለችኝ። እኔ የጎረቤት ሰው ነኝ፣ እናንተ ጋዜጣ ናችሁ። ከእኔ ይልቅ የምታምነው እናንተን ነው።

ስለዚህ ማረሚያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል አይሁን፣ ዘገባው በወጣበት ገጽና በዚያው ልክ ይሁን። የሚፈርመውን የማያውቅ ሰው ውክልና እንደማይሰጥ፣ መንገዱ ፍርድ ቤት እንደሆነ፣ ማን አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል በግልጽ ጻፉ። በቴሌግራም ገጻችሁም ልቀቁት፤ እኛ ጋ ወረቀቱ አይደርስም። ቀጥሎ ስለዚህ ጉዳይ ስትጽፉ ደግሞ ጋዜጠኛችሁን ወደዚህ ላኩት። የእኛ የውል ጉዳይ ገና በክርክር ላይ ነው፣ መዝገቡን ላሳየው ዝግጁ ነኝ። ጎረቤቴን እስከዚያ እንድትታገስ ለምኛታለሁ። ብዙ ግን አትታገስም፣ መድኃኒቱ እያለቀባት ነው።

አንባቢያችሁ፣
ከቱሉ ዲምቱ