የስፌት መኪናህ እስካሁን አልተሸጠችም

ድሬዳዋ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም መስመር ሳልጽፍልህ፣ ስትደውልም ስምህን እያየሁ ሳላነሳ መቆየቴ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይቅርታህን እለምናለሁ፣ ምክንያቱንም ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ። በስልክ ብነግርህ ግማሹን እንደምሸፋፍነው ስለማውቅ ወረቀት መረጥኩ። ቤተሰቡ ሁሉ ደኅና ነው። ነገ ማለዳ ወደ አዳማ በሚነሣው አውቶቡስ ሾፌር እጅ ስለምልከው እስከ ቅዳሜ ይደርስሃል ብዬ አምናለሁ።

እንቅልፍ የነሣኝ ስምንት ፍሪጅ ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ ፔንሲዮን ሊዘጋ ዕቃውን ሲያወጣ ሄጄ እያንዳንዱን በ15,000 ብር አነሣሁ። አትሳቅብኝ፣ እንዳስተማርከኝ ፈትሼ ነው የገዛሁት፤ የ10 ብር ኖት በበሩ ጎማ መካከል እያስገባሁ፣ ዘግቼ እየሳብኩ አየሁ። በአምስቱ ኖቱ ተነክሶ ቀረ፣ በሦስቱ ግን ያለ ምንም ትግል ሾልኮ መጣ። ለጎማ ቅያሪ፣ ለአንዱ ጋዝ ማስሞያና ለማጓጓዣ 21,000 ብር ጨመርኩና በጠቅላላው 141,000 ብር ፈሰሰብኝ። ሁለቱ ዛሬም ሞተራቸው ይነሣል እንጂ ውኃ እንኳን አያቀዘቅዙም።

ትናንት አንድ የጅግጅጋ ነጋዴ በደላላ በኩል መጣና፣ የማያቀዘቅዙትን ጭምር ስምንቱንም በ168,000 ብር እንደሚወስድ፣ ካልሆነ ግን አንዱንም እንደማይነካ ነገረኝ። መኪና ይዞ የሚመለሰው እሑድ ነው። እኔ ደግሞ ልቤ ግንቦት ላይ ነው፤ የድሬን ሙቀት ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም፣ በግንቦትና በሰኔ ደኅናው ፍሪጅ 28,000 ብር ሳይከራከሩበት ይሄዳል። ስድስቱ ብቻቸውን ዛሬ የተሰጠኝን 168,000 ብር ይመልሳሉ፤ ሁለቱን ሕመምተኞች ለጠጋኝ በ9,000 በ9,000 ብሸጣቸው 186,000 ይሆናል እያልኩ ማታ ማታ ስደምር ቆየሁ። ከዚያ የመጋዘኑን ኪራይ አስታወስኩ። በወር 4,000 ብር፣ ለአራት ወር 16,000 ብር ነው። ቀንሼ ሳየው የቀረኝ ትርፍ 2,000 ብር ብቻ ሆነ! ለ2,000 ብር አራት ወር አቧራ ልጠርግ፣ አይጥ ላባርር፣ ውስጡ እንዳይሻግት በር እየከፈትኩ ላናፍስ ነው። መጋዘኑ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው ያው የምታውቀው ቤት ነው፤ አሸዋው ደርቆ ሲታይ ማንም አይፈራውም፣ የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ዕቃውን ከመሬት ከፍ ማድረጉን አይተውም።

ታዲያ ለምን ወዲያው አልሸጥክም ትለኛለህ። ያለፈው ነገር ስለሚያስፈራኝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ እኔ ሦስት ቴሌቪዥኖች በሸጥኩ በአራተኛው ቀን ነበር። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ባንክ ቤት ከ100 ብር ሲያልፍ፣ የአዲሱ ዕቃ ዋጋ ወደ ላይ ወጣ፣ ያገለገለውም ተከተለው። በሸጥኩበት ገንዘብ ሁለት እንኳን መልሼ መግዛት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ከእጄ ሲወጣ የተዘረፍኩ ይመስለኛል። ግን ልብ በል፣ ያኔ ይዞ የቆየው ያተረፈው የዕቃውን ጠባይ አውቆ ሳይሆን ብሩ ስለወደቀ ነው፤ እኔ ግን የአንድ ሳምንትን ጉዳይ የንግድ ሕግ አደረግሁት መሰለኝ። ጋዙ የሚያመልጥ ፍሪጅ ዶላር ቢወጣም ባይወጣም ጋዙ ያመልጣል።

ሌላም ሐሳብ አለኝ። ረመዳን ዘንድሮ የካቲት ላይ ስለሚገባ፣ ለማፍጠሪያ ቀዝቃዛ ውኃና ጭማቂ የሚፈልግ ቤተሰብ ከመጋላ ሰፈር በኩል መጠየቁ አይቀርም፤ ሦስቱን እስከዚያ አቆይቼ አምስቱን ለጅግጅጋው ልስጥ ብል ሰውየው አልሰማ አለኝ። ወደ ሐረር እንዳልወስዳቸው ደግሞ የደንገጎን ዳገት ከወጣህ በኋላ አየሩ ራሱ ፍሪጅ ነው።

አሁን ወደዚያች ወደ ሸሸሁት ነገር ልምጣ። ሲንጀሯን የስፌት መኪናህን በ2014 ዓ.ም. ስትተውልኝ፣ «ባገኘኸው ዋጋ ሸጠህ ላክልኝ» ነበር ያልከኝ። ሳልሸጣት የቀረሁት ገዢ ጠፍቶ አልነበረም፣ ዋሽቼሃለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከሐረር፣ ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ከመኪና ግርግር፣ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ወርዶ መጣ። ከኪሱ ቁራጭ ጨርቅ አወጣ፣ ፔዳሏን ረገጠ፣ ስፌቱን ገልብጦ በጥፍሩ ፈተገና 6,500 ብር አለኝ። እኔ ግን ከ8,000 በታች አትሸጥም ብዬ መለስኩት፤ ብዙ ብር ልኬ ላስደንቅህ ፈልጌ ነበር፣ ይህን እንኳን እመነኝ። ሽማግሌው ጨርቁን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰና ሄደ። ከዚያ በኋላ ቀበቶዋ ተሰነጠቀ፣ የእንጨት መሳቢያዋን ምስጥ ጀመረው፣ ባለፈው ወር የመጣው ሰው የሰጠኝ 5,000 ብር ነው። የዛሬ 5,000 ብር ደግሞ የዚያን ጊዜው 6,500 እንዳልሆነ ከእኔ የተሻለ ታውቃለህ። «ገዢ እየመጣ ነው» እያልኩ ሁለት ዓመት ካሳለፍኩ በኋላ ስልክህን ማንሣት አቃተኝ።

«አቦ አትጨናነቅ» እንደምትለኝ ይታወቀኛል፤ አዳማ ገብተህም የድሬ ልጅነትህን የተውክ አይመስለኝም። ቢሆንም ዘንድሮ እንዲያ ብለህ አትለፈኝ። ስለ ፍሪጆቹ የምታስበውን፣ ስለ ሲንጀሯም ስንት ብር እንደምትቆጥርብኝ ቁርጡን ንገረኝ፤ ለጅግጅጋው ሰው ከሸጥኩ ከገንዘቡ ላይ መጀመሪያ የማነሣው ያንተን ነው። ሰውየው እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ከዚያ በፊት ደውልልኝ፣ አነሣለሁ።

ወዳጅህ