ስም የጠፋለት ማሙሽ

እንዴት ነሽ ሆዴ? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ አሁን ስጽፍልሽ አፍሬያለሁ። ለእማዬ አርባ ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ መናኸሪያ ድረስ እንኳ አልሸኘሁሽም፤ ከዚያ ዛሬ ነገ ስል ሐፍረቱ ራሱ አላስደውል አለኝ።

ወለድኩ! እዚሁ ማርቆስ። ወንድ ነው። ዛሬ 26 ቀኑ፣ ስም ግን የለውም፣ ሁሉም ማሙሽ ይለዋል።

ሴት ትሆናለች ብዬ የእማዬን ስም ይዤ ነበር የጠበቅኩት፣ እናትነሽን። ወንድ ሲሆን አማቴ "ታዲያ ምን ቸገረ፣ አባትነህ በሉት" አሉ። እውነት ነው፣ የእኛ ስም በዚህ በኩል አያስቸግርም። ከበደች ከበደ፣ ተዋበች ተዋበ፤ ግስ ስለሆነ "ች"ዋን መጣል ብቻ ነው። ጥሩነሽ ጥሩነህ፣ ዓለሚቱ ዓለሙ። ሙሉእመቤት ላይ ግን ነገሩ ይለያል፣ ሙሉጌታ ሲባል እመቤቷ ወጥታ ጌታው ይገባል። የእኔም ጣጣ እሱ ነው። "ነሽ" ወደ "ነህ" ዞረ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረ፣ አባትነህ ሲባል ግን እናቲቱ የለችም፣ እኔ ደግሞ የፈለግኩት እሷን ነው። እናትነህ አይባል ነገር! (ብርቱካንና ትርንጎ ቢሆን ደግሞ ጭራሽ ወንድ የላቸውም፣ ወንድ ትርንጎ አይተሽ ታውቂያለሽ?)

ትናንት ማሙሽን ሳጠባ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አርባዋ ላይ ቄሱ ስም ሲጠሩ "ወለተ ማርያም ማናት?" ብለሽ በጆሮዬ ጠየቅሽኝ። እማዬ ነበረች፣ የክርስትና ስሟ። ወለተ በግእዝ ሴት ልጅ ናት፣ ወልደ ወንድ ልጅ፤ ስለዚህ ወልደ ማርያም ቢባልልኝ ከእማዬ ስም የሚቀየረው ፊቱ ብቻ ነው፣ ማርያም ከነቦታዋ ትቀመጣለች። ደግሞ ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ማርያም፣ ተክለ ማርያም እያለ ስንቱ ጎረምሳ የእመቤታችንን ስም ተሸክሞ ይሄድ የለ፣ የሴት ስም ነው ያለው ማን አለ?

ቄሱን እለምናቸዋለሁ። የቤት ስሙን አማቴ እንዳሻቸው ያድርጉት፣ አባትነህም ቢሆን እሺ ብያለሁ፣ ደክሞኛል።

ወንድ ስለሆነ ክርስትናው በ40 ቀኑ ነው፣ 14 ቀን ቀረው። ነይ እንጂ። ስትመለሺ መናኸሪያ ድረስ ማሙሽን አዝዬ እሸኝሻለሁ።