ለድሬ አዲስ ለሆነ ተማሪ፦ የባህል ክበባችን የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የባህል ክበባችን እስከ ዓምና ድረስ የሚታወቀው በኅዳር 29 ብቻ ነበር። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ ልብስ እንከራያለን፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ተራ በተራ ይጨፈራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ። በበኩሌ ጭፈራ አልጠላም። ግን ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በማግስቱም ድሬዳዋን አያውቃትም። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሁሉ ለምን እንደሚዘጋ፣ ጓደኛው ቤት ምሳ ሲጠራ ምን እንደሚል፣ በረመዳን ውሃ የት እንደሚጠጣ የሚነግረው የለም።

እንዲህ ያሉ ልጆች ደግሞ እየበዙ ነው። ወላጆቻቸው ለነፃ ንግድ ቀጠናው፣ ለባቡሩ፣ ለመንግሥት ሥራ ይመጣሉ። ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡም አሉ። ስለዚህ ዘንድሮ አባላቱ ሥራቸውን ቀየሩ። ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ ሁለት ልጆች ይመደባሉ፤ አንድ ሙስሊም፣ አንድ ክርስቲያን። የእነሱ ሥራ አብሮ መዞርና ጥያቄ መመለስ ነው። ንግግር የለም፣ መድረክ የለም።

የስብሰባው ቀን ራሱ አንድ ትምህርት ሆነ። አርብ ቀትር ላይ እንዳይሆን ጁምዓ አለ። ቅዳሜ እንዳይሆን አንዷ አባላችን አድቬንቲስት ናት። እሁድማ አይታሰብም። ሐሙስ ላይ ተስማማን።

የመጀመሪያው ጉብኝት አሮጌው ባቡር ጣቢያ ነበር። ጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንኩ እዚህ ላይ ትንሽ አወራሁ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር። ተራራው ከበደ፣ ወጪው በዛ፣ መስመሩ በቆላው በኩል አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ደረሰ፤ ከተማዋም ተቆረቆረች። መጀመሪያ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው መጣ፤ የመኑ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ፈረንሳዩም መጣ። የከዚራ ሰፈር በፈረንሳዮቹ ፕላን ቀጥ ባሉ መንገዶችና በዛፍ ጥላ ተሠራች። የመጋላ ሰፈር ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በገበያ ዙሪያ አደገች።

አንዱ አስጎብኚ «እዚህ ሁሉም ሰው እንግዳ ነው» ሲል ሌላዋ አቋረጠችው። «እኛ ጉርጉራዎች ከባቡሩ በፊት ነበርን። ኢሳዎችም እንደዚሁ።» ትክክል ናት፤ ሁለቱም የአካባቢው ነባር ጎሳዎች ናቸው። አዲስ ሰው ለማጽናናት ተብሎ የሚነገረው «ሁሉም እንግዳ ነው» የነባሩን ታሪክ ይሰርዛል። ከዚያ ቀን ወዲህ አስጎብኚዎቹ አባባሉን ትተውታል።

(በነገራችን ላይ፣ ደቻቱን ደረቅ አሸዋ ሆኖ አይታችሁ እንዳትታለሉ። በ1998ቱ ክረምት ጎርፉ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ለአዲስ ተማሪ ይህንንም እንነግራለን።)

በመጀመሪያው ሴሚስተር ከቀረቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ስጋ ነበሩ። አንዲት አዲስ ተማሪ «ጓደኛዬ ቤት ስጋ ቢቀርብልኝ እንዴት ነው እምቢ የምለው?» አለች። የክበቡ ልጆች ሳቁ። «አይቀርብልሽም! እናቷ ገና በር ላይ ሲያዩሽ ሽሮ ይጥዳሉ» አሏት። ድሬ ውስጥ ሠርግ የደገሰ ሰው ሁለት ቦታ ያሳርዳል። ለሙስሊሙ እንግዳ በሙስሊም እጅ፣ ለክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ። ድስቱም ቢላውም ይለያል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ይህ መለያየት ይመስለዋል። እኔ ግን ለማይፈልገው ሰው ብሎ ሁለተኛ ድስት የሚጥድ አይቼ አላውቅም። አዲስ ተማሪዎቹን የከበዳቸው ምግቡ መለየቱ አልነበረም። ማን ምን እንደሚጠብቅባቸው አለማወቃቸው ነው። ያ ከተነገራቸው ቀሪውን ራሳቸው ይወጡታል።

የዓመቱ ትልቁ ሥራ በየካቲት መጣ። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ። ረመዳን የካቲት 22 ቀጠለ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት ከድሬ ሕዝብ ከ70 በመቶ በላይ ሙስሊም ነው፣ ሩብ ያህሉ ኦርቶዶክስ ነው። ስለዚህ ከተማው በሙሉ ጾመ ማለት ይቻላል። የትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ጭር አለ። የስፖርት መምህሩ ሩጫውን ወደ ማለዳ አዛወሩት፤ በዚያ ሙቀት ሌላ ምርጫም አልነበራቸውም።

ክበቡ ለአዲስ ተማሪዎች የጋራ ማፍጠሪያ ለማዘጋጀት ወሰነ። ክርክሩ የተነሳው የምግብ ዝርዝሩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዕቅድ የስጋ ሳምቡሳና ፈጢራ (የተጠበሰ ስስ ቂጣ) ነበር። ስጋው ለኦርቶዶክሶቹ አይሆንም። ፈጢራው እንቁላል አለበት። ዝርዝሩ ተሰርዞ እንደገና ተጻፈ፦ ተምር፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ስጋ የሌለው የአጃ ሾርባ፣ ሐብሐብ፣ የማንጎ ጁስ። ከተማሪዎቹ አንድም ሰው የማይበላው ነገር አልቀረበም። ከ9 ሰዓት ጀምሮ መብላት የሚችሉት ክርስቲያኖችም ሳይቀምሱ ጠበቁ። ማንም አላዘዛቸውም። 12 ሰዓት ተኩል ሊሞላ ሲል አዛን ተሰማ። አንድ የጴንጤ ልጅ «አቦ፣ እኔ ሁለቱንም አልጾምኩም፤ ግን ከሁላችሁ በላይ የራበኝ እኔን ነው!» አለ። እውነቱን ነው፤ ሳህኑ ይመሰክራል።

የቋንቋው ሥራ መጀመሪያ አልሄደም። በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ ሰላምታ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስጠናት ያሰለቻል፤ ልጆቹም ተንጠባጠቡ። በኋላ ትምህርቱን ቀፊራ ገበያ ወሰድነው። በኦሮምኛ «ሜቃ?»፣ በሶማሊኛ «ዋ ኢሚሳ?» (ሁለቱም «ስንት ነው?» ማለት ነው) ብሎ ቲማቲም የገዛ ልጅ አይረሳውም። ዋጋውን ግን አላስቀነሰም።

ሁሉም ነገር ማር ነበር አልልም። ድሬ ባለፉት ዓመታት ግጭት ያየች ከተማ ናት። ልጆቹ ያውቁታል፣ አንዳንዱ ሰፈሩ ውስጥ አይቶታል። አንድ አባት ልጃቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዳትገባ፣ አንዲት እናት ደግሞ ልጃቸው መስጊድ እንዳይገባ ነገሩን። ሁለቱም በትሕትና ነው የነገሩን፤ አልተከራከርናቸውም። ደንብ ወጣ፦ ጉብኝት በር ላይ ይቆማል፤ መግባት የሚፈልግ የወላጅ ፈቃድ ይዞ፣ የቦታውን ሰው አስፈቅዶ ይገባል። ጫማ ማውለቅ ሁለቱም ጋ አለ። ይህ ደንብ ክበቡን ያዳከመው መስሏቸው የነበሩ ባልደረቦቼ አሉ። እኔ ያጠነከረው ይመስለኛል፤ ከደንቡ በኋላ ልጆቻቸውን የላኩ ወላጆች በዝተዋል።

ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ከተማዋ በእንግዳ ስትሞላ አባላቱ ከየት እንደመጡ የማያውቋቸውን ተጓዦች መንገድ ሲያሳዩ ዋሉ። ይህ ዕቅዳችን ውስጥ አልነበረም።

ለሚቀጥለው ዓመት (2018 ዓ.ም.)፦ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ ረመዳንም ጨረቃ ከታየች በዚያው ሳምንት ይጀምራል። ገንዘብ ያዣችን ምስሩ ከወዲሁ ይገዛ እያለች ነው። ሶማሊኛ የሚችሉ አስጎብኚዎች ያንሱናል። ዘንድሮ አዲስ ገብተው በክበቡ የተመሩ ልጆችም አስጎብኚ መሆን ይችላሉ፤ የትኛው ጥያቄ እንደሚያስጨንቅ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ምዝገባው መስከረም ላይ ትምህርት እንደተጀመረ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሐሙስ ኑ።