ለትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ክሊኒክ የድጋፍ ጥሪ

በመርካቶ፣ በሐዋሳ፣ በድሬዳዋ፣ በጅዳ፣ በዱባይ፣ በዋሽንግተንና በሌላም ቦታ ላላችሁ የጉራጌ አገር ልጆች፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻችንና ለወዳጆቻችን በሙሉ፤

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ለተማሪዎች ክሊኒክ ልንከፍት ተነሥተናል። ትምህርት ቤቱ ቀድሞ የመጻሕፍት መጋዘን የነበሩ ሁለት ክፍሎችን ሰጥቶናል። ወላጅ መምህር ኅብረቱ ተስማምቶ ፈርሟል። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ክፍሎቹ ተሟልተው ከተረከባቸው ነርስ መድቦ ደመወዟን ሊከፍል ቃል ገብቷል። የቀረን ውኃው፣ ልስኑ፣ ኮርኒሱ፣ አልጋው፣ መጋረጃውና የመመርመሪያ ዕቃው ነው። እጃችንን የዘረጋነው ለዚህ ነው።

እኔ በዚህ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የክፍል ኃላፊም ነኝ። ስለዚህ ስማቸውን ስጠራ «የለም፣ አሟታል» የሚባሉትን ልጆች አውቃቸዋለሁ። አብዛኞቹ የከተማ ልጆች አይደሉም። 8ኛ ክፍልን በቀበሌያቸው ጨርሰው ለ9ኛ ክፍል ከደጋው የወረዱ ናቸው። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ቆጮው፣ ቆሎው፣ ጎመኑ በገበያ ቀን ከእናት ወይም ከጎረቤት ጋር ይላክላቸዋል። ብዙዎቻችሁም እንዲሁ ተምራችሁ ያደጋችሁ ስለሆናችሁ ኑሮውን ለእናንተ መተረክ አያስፈልገኝም። ግን አንድ ነገር አስቡልኝ። ቤቷ ብትሆን እናቷ ግንባሯን ዳስሳ «ልጄ ትኩሳት አለሽ» ትላት ነበር። አባቷ ከስታ ቢያያት ምን ሆነሽ ብሎ ይጠይቃት ነበር። በኪራይ ክፍል ያለችውን የ15 ዓመት ልጅ እንዲህ የሚያያት አዋቂ የለም። በየቀኑ ፊቷን የምናየው እኛ መምህራኑ ብቻ ነን፤ እኛም ስትታመም የምንሰጣት ፈቃድ ብቻ ነው። «ሂጂ፣ ቤትሽ ገብተሽ ተኚ» እንላታለን። ያ ቤት ደግሞ ማንም የሌለበት የኪራይ ክፍል ነው።

ጤና ጣቢያ አለ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ፤ ባለሙያዎቹም በቻሉት ሁሉ ይሠራሉ። ነገር ግን የሚሠራው ተማሪው ክፍል ውስጥ በሚሆንበት ሰዓት ነው። የጤና መድን መታወቂያው በአባት ስም ወጥቶ አገር ቤት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ወረፋው ላይ ደግሞ የአከራይዋ እህት፣ የሰፈር ሰው፣ የአጎት ሚስት ተቀምጠዋል። አንዲት ልጅ የሚያሳፍራትን ሕመም ይዛ በዚያ መካከል እንድትቀመጥ መጠበቅ ከባድ ነው። ከ10 እስከ 19 ባለው ዕድሜ ያሉ ልጆች ሕፃናት ክፍልም፣ ወላድ ክፍልም የእነሱ አይመስላቸውም፤ ከነሕመማቸው ዝም ይላሉ።

ዝምታው ምን እንደሚያስከትል ከጉሮሮ ልጀምር። ጉሮሮዋን ሲያማት «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» ይባላል። አንዳንዱም ዛሬ ድረስ እንጥል ያስቆርጣል። ከእነዚህ ሕመሞች አንዳንዶቹ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጡ ናቸው፤ በጊዜ ካልታከሙም የሰውነት መከላከያ ሳይታሰብ ዞሮ ልብን ሊያጠቃ ይችላል። ይህ በብዛት የሚደርሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ነው። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ ልብ ይተርፋል። ካለፈና የልብ በር ከተበላሸ ግን በየአራት ሳምንቱ መርፌ፣ ለዓመታት። ከባሰ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ ለልብ ቀዶ ሕክምና ረጅም ወረፋ መጠበቅ። በአንድ ርካሽ መርፌ ሊቆም ይችል የነበረ ነገር ነው። ጉሮሮ የምታይ ነርስ ከክፍሏ ሃምሳ እርምጃ ላይ ብትኖር ልጅቱ በዕረፍት ሰዓት ደርሳ ትመለስ ነበር።

የደም ማነስም አለ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 24 በመቶዎቹ ደም ማነስ ነበረባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ችግሩ 20 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት አገር የወር አበባ ለጀመሩ ሴቶች በሳምንት አንድ ጊዜ 60 ሚሊግራም አይረንና 2.8 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ያለው ክኒን እንዲሰጥ ይመክራል። በሳምንት አንዲት ክኒን! ቆጮ በደረቁ በልታ ስድስት ክፍለ ጊዜ የምትቀመጥ ልጅ ስታንቀላፋ ሰነፍ እያልን የምንቀጣት ስንት ጊዜ ይሆን?

የወር አበባን ጉዳይ በስሙ ጠርቼ ብናገር ቅር አትሰኙ። ከክፍል የሚያስቀር ከባድ ጉዳይ ነው፤ ሽንት ቤታችንም ውኃ የለውም። በመቀሌ ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ የጀመሩት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ያሰኛቸው ታጥቦ ተመልሶ የሚያገለግል ሞዴስ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል። ለኪሳችን የሚስማማው እንዲህ ያለው ነው። ግን የሚታጠበው በውኃ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የምንገዛው ሮቶና ቧንቧ ነው፤ ከጎኑም በር ያለው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ የሴቶች መታጠቢያና መቀየሪያ ክፍል እናዘጋጃለን። ኮሚቴው ውስጥ አልጋው ይቅደም ያሉ ነበሩ፤ እኔ ግን ውኃው ይቅደም ብዬ ተከራክሬያለሁ፤ አሁንም እንዲያው አምናለሁ።

ስለ አእምሮ ጤና ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ልጆቻችንን ምን ያህል እንዳስጨነቃቸው ታውቃላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ፣ ኪራይ ከፍሎ ያስተማረው ልጅ ከቀሩት መካከል ሲሆን ወደ ደጋው የሚመለስበት ፊት ያጣል። እንቅልፍ የራቀው፣ ምግብ የተወ፣ ከጓደኛ የተለየ ልጅ ሲኖር እኛ መምህራን የት እንደምንልከው አናውቅም። በአዋቂነት ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ከ18 ዓመት በፊት ነው። ክሊኒኩ ስፔሻሊስት አይኖረውም፤ በር ዘግቶ የሚያዳምጥ፣ ምልክቱን የሚለይና ወደ ሆስፒታል በደብዳቤ የሚልክ የሠለጠነ ሰው ግን ይኖረዋል።

አንዳንድ ወላጆች ክሊኒክ ሲባል ልጆቻችንን ስድ ያደርግብናል ብለው ይሰጋሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን ጠይቆናል፤ ሥጋታቸውን እናከብራለን። የምንመልሰው እንዲህ ነው። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች 13 በመቶዎቹ ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል፤ በዓለም ደረጃም በዚህ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን ከሚገድሉት ግንባር ቀደም ነገሮች አንዱ የእርግዝናና የወሊድ ችግር ነው። ክሊኒክ ሳይኖር የደረሰ ነው። የቤተሰብ ሕጋችን ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጎታል፤ ልትዳር የተባለች ልጅ ግን «እርዱኝ» የምትልበት ቤት ያስፈልጋታል። ወላጆች ሆይ፣ መጥታችሁ ክፍሉን እዩት፣ ነርሷንም ጠይቋት፤ በሩ ለእናንተም ክፍት ነው። የልጁ ምሥጢር ግን በካርዱ ውስጥ ይቆያል።

ትምህርት ቤት ለዚህ ሥራ ትክክለኛው ቦታ መሆኑን አይተናል። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር የተሰጠው በዋናነት በትምህርት ቤት ነው፤ ልጆቹ ያሉት እዚያ ነውና። አሜሪካ ላላችሁት ደግሞ ይህን ላስታውሳችሁ። በ1902 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ የታመመን ልጅ ከክፍል ታስወጣ ነበር እንጂ አታክምም ነበር። ሊና ሮጀርስ የምትባል ነርስ በአራት ትምህርት ቤቶች ለሙከራ ተመደበች፤ ሥራው ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ሰፋ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በሕመም ከክፍል የሚወጡት ልጆች ቁጥር ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ። እኛ ዛሬ ያለነው ከሊና ሮጀርስ በፊት በነበረው ቦታ ላይ ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል።

አባቶቻችን በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ የመርካቶ ነጋዴው ከሱቁ፣ ገበሬው ከጎጆው አዋጥቶ መንገድ አስወጥተዋል። እናንተ ለመስቀልና ለዓረፋ የምትገቡበት መንገድ የእነሱ አሻራ አለበት። የእኛ ጥያቄ ከዚያ እጅግ ያንሳል።

አገር ውስጥ ካላችሁት በወር 200 ብር ለአንድ ዓመት እንጠይቃለን፤ በውጭ ያላችሁ እንደ አቅማችሁ ጨምሩበት። በአንድ ጊዜ መስጠት የሚቀላችሁ እንዲያው ስጡ። ጉልበት ያለው በክረምቱ መጥቶ ልስኑን ይሥራ፤ አናጢ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪሺያን እንፈልጋለን። የዓይን መመርመሪያ ሠሌዳ፣ የደም ግፊትና የደም መጠን መለኪያ፣ ሚዛን፣ አዲስ የመነጽር ፍሬም ያላችሁ ላኩልን። መድኃኒት ግን እባካችሁ በሻንጣ አትላኩ፤ ጊዜው ያለፈበት ሲሆን ማስወገጃው ለእኛ ወጪ ነው፤ መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያው እንረከባለን።

ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ በሦስት ፈራሚዎች ስም ተከፍቷል፤ አንዱ ከመምህራን፣ አንዱ ከወላጆች፣ አንዱ ከከተማው እድር ነው። የሒሳብ ቁጥሩን ከየአካባቢያችሁ የእድርና የማኅበር ሰብሳቢዎች ውሰዱ፤ በግል የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አትስጡ። ደረሰኝ ለሁሉም ይቆረጣል፤ ገቢና ወጪው በየወሩ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሠሌዳ ላይ ይለጠፋል። የመጀመሪያው ዙር መዋጮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ከደረሰን ሮቶው ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ይቆማል። ለመስቀል ስትገቡ በግቢው በኩል እለፉና ሥራውን በዓይናችሁ እዩ።