የሳልመኗን ጎጆ አንርገጥ

ውድ አዘጋጅ፣

የምኖረው ሲያትል አጠገብ፣ ሬንተን ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ልጆቼን ይዤ ሴዳር ወንዝ ዳር እወርዳለሁ። ሶካይ የሚባለው የሳልመን ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዙ የሚመለሰው ያኔ ነው። ሰውነቱ ቀልቶ፣ ጭንቅላቱ አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል።

ሴቷን ልብ ብላችሁ እዩዋት። ወንዝ ከገባች ወዲህ ምግብ አትቀምስም። ሆዷ ውስጥ 3,000 ገደማ እንቁላል ይዛለች። በጎኗ ተጋድማ፣ ጠጠሩን በጅራቷ እየመታች ጉድጓድ ትቆፍራለች። እንቁላሏን ስትጥል ወንዱ አጠገቧ ሆኖ ዘሩን ያፈስበታል። ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ ፈቀቅ ብላ ሌላ ትቆፍራለች፤ የዚያኛው ጠጠር በውሃው ተገፍቶ የመጀመሪያውን ይሸፍነዋል። ሲያልቅ፣ እስክትሞት ድረስ ጎጆዋን ትጠብቃለች። ይሄን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ታዲያ አንዳንዶቻችን ለፎቶ ብለን ውሃው ውስጥ እንገባለን። ውሻም እንለቃለን። እባካችሁ ይቅርብን! እንቁላሉ ጠጠሩ ስር ለወራት ይቆያል። የሚተነፍሰው በጠጠሩ መሃል በሚያልፈው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ከረገጥነው ይፈርጣል፤ ደለል ከሸፈነው ይታፈናል።

ጣናም ትዝ ይለኛል። ላቢዮባርበስ ከሚባሉት የሐይቁ ዓሦች ብዙዎቹ ክረምት ላይ እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ሶካይ አንዴ ወልዶ ይሞታል። እነሱ ግን ወደ ሐይቃቸው ይመለሳሉ፣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ካልጠበቃቸው። ቢያንስ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት መረቡ ይነሳላቸው።

አክባሪያችሁ፣
ከሬንተን፣ ዋሽንግተን