የሕፃናት የአንጎል ዕጢ አንድ በሽታ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ሕፃናት ካንሰር በሚወጡ ጽሑፎች የአንጎል ዕጢ እንደ አንድ በሽታ ተቆጥሮ አንድ ዓይነት ተስፋ ወይም አንድ ዓይነት ስጋት ሲሰጠው ማንበብ ያሳዝነኛል። የካንሰር ምዝገባ በተሟላባቸው አገሮች ይህ ሕመም በሕፃናት ላይ ከደም ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ፣ ከጠጣር ዕጢዎች ደግሞ ቀዳሚው ነው፤ ነገር ግን ዕጢው ከየትኛው ሕብረ ህዋስ እንደተነሣ ካልተገለጸ ቁጥሩ ብቻውን ለወላጅ የሚነግረው ጥቂት ነው።

ለምሳሌ ፒሎሳይቲክ አስትሮሳይቶማ በአብዛኛው በዝግታ የሚያድግ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ህዋሶቹ እንደ ፀጉር ቀጥነው የተዘረጉ ዕጢ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ከወጣ ከ10 ሕፃናት ከ9 የሚበልጡት ከ10 ዓመት በኋላም በሕይወት ይኖራሉ። በአንጎል የኋላ ክፍል የሚነሣው ሜዱሎብላስቶማ ግን ትናንሽና ጥቅጥቅ ያሉ ህዋሶች ያሉት፣ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ በኩል ሊዛመት የሚችል አደገኛ ዕጢ ሲሆን ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ልጆችን በብዛት ያጠቃል። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ፈሳሽ የያዙ ክፍተቶችን ከሚሸፍኑ ህዋሶች ጋር የሚመሳሰሉ ህዋሶች ያሉት ኤፔንዲሞማም ሌላ ዓይነት ዕጢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አመዳደብ ከህዋሱ መልክ ጎን ለጎን የዘረመል ለውጦችን የምርመራው አካል ያደረገው፣ በማይክሮስኮፕ የሚመሳሰሉ ዕጢዎች እንኳ ለሕክምና የሚሰጡት ምላሽ ስለሚለያይ ነው።

ከሕሙማኑ ጥቂቶቹ ብቻ በዘር የሚተላለፍ ችግር ሲኖርባቸው የአብዛኞቹ ምክንያት አይታወቅም፤ ስለዚህ ወላጆች ራሳቸውን እንዳይወቅሱ ይህም በግልጽ ቢጻፍ፣ ከእያንዳንዱ አኃዝ ጋርም የዕጢው ዓይነት ቢጠቀስ በአክብሮት እጠይቃለሁ።